ሪዞልቭን ከ17 ወደ 19 ስናሳድግ የተማሪው ሥራ የት ይገባል?

(ጥያቄዬን እንዳለ ትቼዋለሁ። መልሶቹ 31 ስለደረሱና ግማሹ ስለ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ፣ በቅደም ተከተላቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። የተሳሳትኩት ካለ የተናገረው ሰው ያርመኝ።)

ጥያቄው

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ነው የምሠራው፤ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ክፍሉን 18 ኮምፒውተሮች የምይዘው እኔ ነኝ። ሁሉም ዊንዶውስ 10 ናቸው፣ ከአንድ ሰርቨር ይተዳደራሉ፣ ተማሪው በራሱ ስምና ይለፍ ቃል ይገባል፣ ፕሮግራም መጫን ግን አይችልም። የተጫነው ነጻው የኤዲቲንግ ፕሮግራም ዳቪንቺ ሪዞልቭ 17 ነው። አሁን የመጣው አዲሱ አስተማሪ የልምምድ ፕሮጀክቶቹን በ19 ሠርቶ ይዞ መጣ፤ 17 ደግሞ የ19ን ፕሮጀክት አይከፍትም። ማሳደግ ግድ ሆነ።

የሚያስፈራኝ የዛሬ ሁለት ዓመት የሆነው ነው። ማሽኖቹ ተንቀራፈፉ ብዬ ሲ ድራይቭን ፎርማት አድርጌ ሁሉን እንደ አዲስ ጫንኩ። ከዚያ በፊት ሥራችሁን ዲ ላይ አስቀምጡ የሚል ማስታወቂያ ለሁለት ሳምንት በር ላይ ለጥፌ ነበር። ዲን አልነካሁም። ሰኞ ጠዋት ተማሪ ገብቶ ሪዞልቭን ሲከፍት ባዶ። ቀረጻው ዲ ላይ አለ፣ ኤዲቱ የለም። የመመረቂያ ሥራ ነበር። አንዷ ልጅ ሴቭ ማድረጊያዎቹን ሁለት ቁልፎች በጣቷ እየነካች ታሳየኝ ነበር፣ ይኸው፣ ሁልጊዜ እጫናለሁ እያለች። እውነቷን ነው፤ ትጫናለች። ሴቭ ሲደረግ የት እንደሚሄድ ያላወቅኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ በዚህ ቅዳሜ ልሠራው አስቤያለሁ። ምን ቀድሜ ላድርግ?

ምላሽ 1

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የመጣ ነው። ሁሉንም ኮፒ አድርግና ተገላገል ብሎ ሄደ። የት ወዳለው ሁሉ ብዬ ብጠይቀው አልተመለሰም።

ምላሽ 2

ይኸኛው ረጋ ያለ ነው። ክሎንዚላ በተባለው ዲስክ መቅጃ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ማሽን የሲ ድራይቭ ምስል፣ ማለትም ሙሉ ቅጂ፣ ውሰድ፣ ከተበላሸ ወደ ትናንት ትመለሳለህ አለኝ። ቦታ የለኝም ብዬ ተከራከርኩት። እሱ ግን ክሎንዚላ የሚቀዳው የተያዘውን ክፍል ብቻ መሆኑን፣ የእኔም ሲ ድራይቭ ባለ 240 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ስለሆነ ባዶው ሲቀነስ ብዙ እንደማይሆን አሰላልኝ። ትክክል ነበር፤ አንድ ባለ 4 ቴራ ባይት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ በቃኝ።

ምላሽ 3

ከሁሉም መልስ የጠቀመኝ ይህ ነው። የጻፈችው በቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥራ የቆየች እህት ናት። ሪዞልቭ እንደ ወርድ ወይም እንደ አዶቤው ኤዲቲንግ ፕሮግራም እንደ ፕሪሚየር አይደለም ብላ ጀመረች። ፕሪሚየር ላይ ፕሮጀክቱ አንድ ፋይል ነው፤ የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቅሃል፣ ፍላሽ ላይም ልታደርገው ትችላለህ። ሪዞልቭ ግን አይጠይቅም። ፕሮጀክቶቹን ሁሉ በራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ያከማቻል፤ ከ18 ወዲህ የፕሮጀክት ላይብረሪ የሚል ስም ሰጥተውታል። ዊንዶውስ ላይ የራሱን ቦታ ካልቀየርክለት ቋቱ የሚቀመጠው በተጠቃሚው ፕሮፋይል ውስጥ፣ አፕ ዳታ በተባለው የተደበቀ ፎልደር፣ ሮሚንግ ሥር፣ ብላክማጂክ ዲዛይን በሚለው ውስጥ ነው። ፎልደሩ የተደበቀ ስለሆነ ተማሪው ቢፈልገውም አያየውም። ዲ ላይ አስቀምጡ የሚለው ማስታወቂያዬ ስለዚህ ትርጉም አልነበረውም፤ ዲ ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው ቀረጻውን እንጂ ኤዲቱን አልነበረም።

ቀጥላ ሁለት ነገር አስጠነቀቀችኝ። አንደኛ፣ አዲሱ ሪዞልቭ የድሮውን ቋት ሲከፍት ላሳድገው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ አንዴ እሺ ካልከው በኋላ 17 ዳግመኛ አይከፍተውም። መመለሻ የሚሆንህ ቀድመህ ያስቀመጥከው ቅጂ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ አካውንት ካለው ቋቱም በተማሪው ቁጥር ልክ ነው። በ18 ማሽን ላይ 18 ቋት አለ ብለህ እንዳትቆጥር፤ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ የሚገቡት ተደምረው ከ60 ሊበልጥ ይችላል።

ቆጠርኩ። 71 ነበር።

ምላሽ 4 እና 5

4ኛው ይህን ሁሉ ማካበድ ምን አመጣው፣ ተማሪው ፕሮጀክቱን ኤክስፖርት አድርጎ ይስጥህ፣ ትንሽ ፋይል ናት፣ በቴሌግራም ትላካለች አለ። 5ኛው ግማሹን ተቀበለው። ኤክስፖርቱ ጥሩ ነው፣ ግን የሚይዘው የኤዲቱን መረጃ ብቻ ነው፤ ቀረጻውን አይዝም። ቀረጻውንም አብሮ የሚጠቀልለው አርካይቭ የሚባለው ነው፣ እሱ ደግሞ ቀረጻው የሚያህለውን ያህላል። 71 ተማሪ ደግሞ ሁሉም በቀኑ ኤክስፖርት ያደርጋል ብሎ የሚያምን ሰው ተማሪ ሆኖ አያውቅም ብሎ ጨረሰ።

ምላሽ 6

የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ከባህር ዳር የጻፈ ወንድም ነው። እሱ ፋይል ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ አይጠፋም ባይ ነው። ስቱዲዮው ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ዲ የነበረው ድራይቭ ኢ ሆኖ ተነሣ፤ ፕሮጀክቱን ሲከፍት ሙሽሮቹ ሁሉ ቀይ ሆኑ፣ ሚዲያ ኦፍላይን የሚል። ባለቤቱ ሙሽራዋ ቤት ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ጫማውን ሲያስር፣ እሱ የድራይቩን ፊደል ወደ ዲ መለሰው፣ ሁሉ ነገር ተመለሰ። ፊደሉን መቀየር ካልተቻለም ሪዞልቭ ውስጥ ሪሊንክ በማድረግ አዲሱን ቦታ ማሳየት እንደሚበቃ አከለ። ሽማግሌዎች ያለ ጉዳይ ሊላኩ ነበር ብሎ ቀለደ።

ምላሽ 7

አጭር፣ ግን የማላውቀው ነበር። የሚዲያ ማከማቻ ተብሎ በሪዞልቭ መጀመሪያ የተመረጠው ድራይቭ ላይ ሁለት ዓይነት ፎልደር አለ። ካሽ ክሊፕ የሚለውን፣ የጊዜያዊ ፋይሎቹን፣ ብትደመስሰው ችግር የለም፣ ራሱ እንደገና ይሠራዋል። ጋለሪ የሚለውን ከደመሰስክ ግን ተማሪዎች ከቀለም ሥራቸው ያስቀመጧቸው ስቲሎች፣ ማለትም የናሙና ምስሎች፣ አብረው ይሄዳሉ። ቦታ ልታስለቅቅ ስታጸዳ አብረህ እንዳትጠርገው።

ምላሽ 8

እዚህ ላይ ውይይቱ ተኮሳተረ። ይህ ሰው የአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ኃላፊ ነኝ ይላል። ማሽኑ የተቋሙ ነው፣ ተማሪው እንግዳ ነው፤ ቀን ወስኖ አሳውቆ መደምሰስ የተለመደ አሠራር ነው፣ ፋይሉን የማይጠብቅ ተማሪ ይማርበት አለ። ዲፕ ፍሪዝ ጫን፣ ሲን አቀዝቅዘው፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሆናል፣ አንተም እንቅልፍህን ትተኛለህ ብሎ መከረኝ።

ምላሽ 9

ያቺ 3ኛዋ እህት ናት፣ በዚህ ጊዜ ግን ትሕትናዋ ቀንሷል። ዲፕ ፍሪዝን በቀዘቀዘ ሲ ላይ፣ የሪዞልቭ ቋት ከነባሪ ቦታው ሳይነሣ ብትጭነው የተማሪው ኤዲት በሁለት ዓመት አንዴ መጥፋቱ ቀርቶ በየማታው ይጠፋል አለችው። ኃላፊ ሆነው ይህን ሳያውቁ ምክር መስጠትዎ ያሳፍራል ብላ ጨመረች። እሱም መለሰ፤ እሷም መለሰች። ምላሽ 10 እና 11 ስድብ ስለሆኑ ዘልያቸዋለሁ።

ምላሽ 12

አንድ አስተማሪ ገብተው አበረዱት። ዲፕ ፍሪዝ ጥፋት የለበትም አሉ፤ እሳቸው ጋ 30 ማሽን ላይ ለዓመታት አለ። ነገር ግን የሚቀዘቅዘው ሲ ብቻ ነው፤ የተጠቃሚውን ማኅደሮች ወደማይቀዘቅዝ ድራይቭ የሚያዞር ዳታ ኢግሉ የተባለ የዚያው ኩባንያ መሣሪያም አለ። ለሪዞልቭ ደግሞ ከዚያ የሚቀልል ነገር አለ፤ አዲስ የፕሮጀክት ላይብረሪ ፍጠር ሲባል ቦታውን ራስህ መምረጥ ትችላለህ፣ ዲ ላይ ለየተማሪው አንድ ፎልደር አድርግ። ከማሳደጉ በፊት ማሽኑን በይቅለጥ፣ ማለትም ቅዝቃዜውን አንሥተህ፣ አስነሣ፣ ጫን፣ ፈትሽ፣ ከዚያ መልሰህ አቀዝቅዝ። ቀዝቅዞ ሳለ ማሽኖቹን ሁሉ አሳድጎ ኮምፒውተሮቹን ሲያስነሣ ሁሉም 17 ሆነው የጠበቁት ባልደረባቸውን ታሪክም አጫወቱን። ሙሉ ቅዳሜው ቀለጠ አሉ።

ምላሽ 13

ከሜሪላንድ የጻፉ፣ በትምህርት ቤቶች የኮምፒውተር አስተዳደር ውስጥ ረጅም ዓመት የሠሩ ወገናችን ናቸው። እሳቸው ሶፍትዌሩን ተወውና ፖሊሲህን ተመልከት አሉኝ። በዊንዶውስ የግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ፣ ከተወሰኑ ቀናት በላይ ያልገባን ተጠቃሚ ፕሮፋይል ኮምፒውተሩ ሲነሣ ደምስስ የሚል መመሪያ አለ። ክረምት ላይ ተማሪው ሁለት ወር ቤቱ ሲቀመጥ፣ አንተ ለማሳደግ ማሽኑን ስታስነሣው፣ ፕሮፋይሉ ከነቋቱ ይጠፋል። ሰው ግን አዲሱ ሪዞልቭ አጠፋው ይላል።

ሄጄ አየሁ። መመሪያው በርቷል፤ 60 ቀን ይላል። ማን እንዳበራው እኔም አላውቅም፣ ከእኔ በፊት የነበረው ሊሆን ይችላል። እጄ ቀዘቀዘ።

ማኅደር ማዞርን በተመለከተም አንድ ነገር ጨመሩ። ጥቅምት 2 ቀን 2018 እንደ ፈረንጅ የወጣው የዊንዶውስ 10 ዝማኔ፣ 1809 የሚባለው፣ ዶክመንትስ ወይም ፒክቸርስን ወደ ሌላ ድራይቭ አዙረው፣ የድሮው ቦታ ላይ ግን ፋይል የቀረባቸውን ሰዎች የድሮውን ፎልደር ከነይዘቱ ደምስሶባቸው ነበር። ማይክሮሶፍት በአራተኛው ቀን አቆመው፣ መልሶ የለቀቀው ኅዳር 13 ነው። ስለዚህ ማኅደር ስታዞር የድሮው ቦታ ባዶ መሆኑን በዓይንህ እይ አሉ።

ምላሽ 14 እስከ 16

14ኛው አላመነም፤ ማይክሮሶፍትን የሚያህል ድርጅት እንዲህ አያደርግም፣ ወሬ ነው አለ። 15ኛው ይህስ ምን ይገርማል ብሎ ከዚያ የባሰ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኅዳር ላይ አፕል ያወጣው የአይቲዩንስ 2 መጫኛ፣ የድሮውን አይቲዩንስ ሊያነሣ ብሎ የዲስኩ ስም ውስጥ ባዶ ቦታ ያለባቸውን ማክ ኮምፒውተሮች ሙሉ ድራይቭ ደምስሷል። ጥፋቱ በትእዛዙ ውስጥ የጥቅስ ምልክት መዘለሉ ነበር፤ አፕል በፍጥነት 2.0.1ን አውጥቶ አረመው። እ.ኤ.አ. በ2016 የካቲት ደግሞ የአዶቤ ክሪኤቲቭ ክላውድ 3.5.0.206 በማክ ላይ በፊደል ተራ መጀመሪያ የሚመጣውን ፎልደር ይዘቱን ያጠፋ ነበር፤ ቀድመው የነቁት ባክብሌዝ የተባለው የመጠባበቂያ ቅጂ አገልግሎት ተጠቃሚዎች ናቸው፣ ምክንያቱም ተራው ላይ መጀመሪያ የሚገኘው የእሱ የተደበቀ ፎልደር ነበር። ባክአፑ ራሱ ተበላ ማለት ነው።

16ኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2017ቱን ፕሪሚየር 11.1.0 አስታወሰ። ካሹን አጽዳ ሲባል ከካሹ ፎልደር ውጪ ያለውን የሰው ቀረጻ ጭምር ይጠርግ ነበር፤ በ11.1.1 ተስተካከለ፣ አንድ ቪዲዮ አንሺም አዶቤን ከሷል። 14ኛው ከዚህ በኋላ ድምፁ አልተሰማም።

ምላሽ 17

ቅጂውን በሮቦኮፒ፣ በዊንዶውሱ የመቅጃ ትእዛዝ፣ ሥራ፣ ሚረር የሚያደርገውን ትእዛዝ ተጠቀም፣ ፈጣን ነው አለኝ አንድ ወጣት። 18ኛው ወዲያው ጮኸበት። ሚረር ማለት መድረሻውን ከመነሻው ጋር አንድ ማድረግ ነው፤ መነሻው ላይ የሌለውን መድረሻው ላይ ይደመስሳል። መነሻና መድረሻ ከተገላበጡብህ ባዶውን ሃርድ ዲስክ በተማሪው ሥራ ላይ ትገለብጣለህ። ንዑስ ፎልደሮችን የሚቀዳውን ኢ የተባለውን ብቻ ተጠቀም፣ መጀመሪያም ኤልን ጨምረህ አስኬደው፤ ኤል ምንም ሳይቀዳ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ብቻ ይዘረዝርልሃል። ወጣቱ እሺ ጋሼ ብሎ አመሰገነ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚህ ውይይት ውስጥ ሁለተኛ አልታየም።

ምላሽ 19 እስከ 24

ከዚህ በኋላ መንገድ ሳትን። አንዷ ኤዲተር፣ ኮምፒውተር ቀይራ የድሮ ፕሮጀክቷን ስትከፍት የአማርኛው ጽሑፍ ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል ትርምስ ሆኖ እንዳገኘችው ነገረችን። 20ኛው ገለጸላት። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተጻፈ ጽሑፍ ከውስጥ የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ ነው የአማርኛ ቀሚስ የሚያለብሰው። ፎንቱ ሲጠፋ ቀሚሱ ይወልቃል። 21ኛው ፊደላችን በዩኒኮድ ከተካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ አሁንም በዚያ የሚጽፍ ሰው ቅጣት ይገባዋል አለ። 22ኛው፣ የድሮው ፎንት ውበት አዲሶቹ ላይ የለም ብሎ ተሟገተ፤ በዚህ እንኳ እስማማለሁ።

ከዚህ ክርክር ግን አንድ ለእኔ የሚሆን ወጣ። ዊንዶውስ 10 ላይ ተማሪ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ፎንት ለራሱ ብቻ መጫን ይችላል፤ እሱም የሚቀመጠው እዚያው አፕ ዳታ ውስጥ፣ ሎካል በሚለው ሥር ነው። ስለዚህ ሮሚንግን ብቻ ቀድቼ ብሄድ ኖሮ የ71 ተማሪ አርእስት ሁሉ ቅርጹን ይቀይር ነበር።

23ኛው ታሪክ ካሳቁኝ አንዱ ነው። እነሱ ስቱዲዮ ፎልደር የሚሰየመው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ ቦታ ሊያስለቅቅ ሲል 2016 የሚል ፎልደር አየ፤ አሮጌ ነው ብሎ ደመሰሰው። የባለፈው ዓመት ጥምቀት ነበር። 24ኛው ያኔ ዓመተ ምሕረት ብሎ መጻፍ ነው እንጂ አለ፤ ከዚያ የዘመን አቆጣጠር ክርክር ተነሥቶ ስድስት ሰው ተሳተፈበት፣ ቆጥሬ አልጨመርኳቸውም።

ምላሽ 25

መብራት። ያለ ዩፒኤስ አንድም ማሽን እንዳትነካ፣ ቋቱ እየተቀየረ ሳለ መብራት ቢሄድ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል፣ 17ም 19ም አይከፍተውም። ከ71ዱ አንዱን እንኳ ዋናውን አታሳድግ፣ ቅጂውን አሳድግ፣ ዋናው ይቀመጥ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው የጻፈው፣ ግን የቅዳሜውን ዕቅዴን በሙሉ የቀየረው እሱ ነው።

ምላሽ 26 (የእኔ)

የሠራሁትን ልናገር። ረቡዕ የ60 ቀኑን መመሪያ አጠፋሁ። ሐሙስ 19ን በአንድ ማሽን ላይ ብቻ ጫንኩ፤ 16 ጊጋ ባይት ራም ስላላቸው ለመቁረጥ ይበቃል፣ ፊውዥን በተባለው የኢፌክት ክፍሉ ላይ ግን ይንገዳገዳል፣ የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨርም አብሮ መታደስ ነበረበት። ዓርብ ማታ በክሎንዚላ ምስሎቹን ወሰድኩ። ቅዳሜ ጠዋት የየተማሪውን ቋት፣ ፎንትና ጋለሪ በየስሙ ፎልደር ውስጥ በሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ቀዳሁ፤ ቋቶቹ ሲደመሩ ከገመትኩት በጣም ያነሱ ነበሩ፣ የተማሪ ኤዲት ቁጥርና ጽሑፍ ስለሆነ ቀላል ነው። ከዚያ ዲ ላይ አዲስ ላይብረሪ ከፍቼ ቅጂዎቹን እዚያ አሳደግኩ። ሁለት ጊዜ መብራት ሄደ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዩፒኤሱ ያዘ።

ሰኞ 70ው አገኙ። አንዱ ልጅ ግን ባዶ ነው አለኝ። ልቤ ወረደ፤ ምስሉን ከፈትኩ፣ ዋናውን ቋት አየሁ፣ እሱም ባዶ ነው። ሁለት ሰዓት ከፈለግን በኋላ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይለፍ ቃሉ ስለጠፋበት ከመስከረም ጀምሮ በጓደኛው ስም እየገባ ይሠራ እንደነበር ነገረኝ። ሥራው በጓደኛው ቋት ውስጥ በሰላም ተኝቷል። ጓደኛው ደግሞ ያን ፕሮጀክት የማን እንደሆነ አላውቅም ብሎ ጠዋት ሊደመስሰው ነበር።

ምላሽ 27 እስከ 30

እንኳን ደስ አለህ የሚሉ ናቸው። 29ኛዋ ያቺ 3ኛዋ እህት ናት፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያ ቅጽ በር ላይ ለጥፍ፣ ማስታወቂያ መለጠፍ ትወዳለህ ብላ ወጋችኝ። 8ኛው ኃላፊም ተመልሶ፣ ነገሩን በጥሞና ካነበበ በኋላ ዲፕ ፍሪዝን በተመለከተ የተናገረው ጎደሎ እንደነበር አመነ። እሷ መልስ አልሰጠችውም፤ አመሰግናለሁ የሚል ምልክት ብቻ አስቀመጠችለት።

ምላሽ 31

የመጨረሻው ነው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እንደ ፈረንጅ ማብቃቱን፣ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር በይፋ እንደማይቀበል ገልጾ፣ ማሽኖችህ ስንተኛ ትውልድ ናቸው ብሎ ጠየቀኝ።

7ኛ።